አንድ እፍኝ የተቀቀለ ዘር

እናታችሁ ለዘር ያስቀመጠችውን ባቄላ ስትቀቅል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለመብል አላልኩም፤ ለመብል ማንም ይቀቅላል። የምላችሁ ባቄላ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ የተሸበሸበው ተጥሎ፣ ደህና ደህናው በጠርሙስ ከርሞ ለዘር የተቀመጠው ነው። እሱ ላይ፣ ከጎኑም የዱባው ፍሬና የጎመኑ ዘር ላይ፣ በማለዳ የፈላ ውሃ ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያም ተጠንፍፎ፣ በጨርቅ ተወልውሎ፣ ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ትሪ ላይ ሲሰጣ? ካላያችሁ ይህችን መምህርት ጠይቋት። ሰፈሩ ቲቸር ይላታል። የዚያን ቀን ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ወደ ኩሽና ስትገባ ያየችው ይህንኑ ነበር።

እናትየዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ማንቆርቆሪያው በእጇ ነው፤ እንፋሎቱ ከማጥለያው ላይ ተነስቶ የግድግዳውን ቆርቆሮ አርጥቦታል። ልጇ መግባቷን ሰምታለች፤ አልዞረችም። ውሃውን እስከ ጠብታው አፍስሳ ጨረሰች፣ ማጥለያውን ሁለቴ ነቀነቀች፣ ከዚያ ፎጣ አነሳች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነቀዝ ነገር አይቼበታለሁ። ላጽዳው ብዬ።»

«በፈላ ውሃ?»

«በቀዝቃዛማ አይሞት።»

ምኑ እንደማይሞት አልተናገረችም። ትሪውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባችና መስኮቱ ስር አስቀመጠችው። ያ መስኮት ከጥቂት ወራት በፊት ለስሙ ብቻ መስኮት ነበር፤ ሲከፍቱት የሚያዩት የሌላ ሰው ቆርቆሮ ነው። አሁን ፀሐይ እንዳሻት ትገባበታለች። እናትየዋ ግን ፀሐይዋን የሰረቀቻት ይመስል ቀኑን ሙሉ መጋረጃውን ዘግታ ነው የምትውለው። ዛሬ ለዘሩ ስትል ገለጥ አደረገችው፤ ትሪው ላይ ብቻ ብርሃን የሚያሳርፍ ያህል፣ አንድ ጋት። ልጅቷ ይህን አየች፤ ዝም አለች። እዚያ ቤት ዝም ማለት የቤት ዕቃ ያህል ነው፤ ሁለቱም የት እንደተቀመጠ ያውቃሉ፤ እንዳይነኩት ዙሪያውን ይሄዳሉ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጋራው አትክልት ቦታ ሊተከል ነው። ሐሳቡን ያመጣው ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው ስል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሰው ነው። በየስብሰባው ጸሐፊው ሳይመጣ ይቀራል፣ ገንዘብ ያዡ ይታመማል፣ እሱ ብቻውን ይሰበሰብና ብቻውን ይወስናል፤ ስለዚህ ሰፈሩ ለራሱ ለሰውዬው ኮሚቴው የሚል ስም አወጣለት። እሱም ቅጽል መሆኑን ረስቶ ማዕረግ አደረገው። ትሁት ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ልጆች ይስማል፣ አሮጊት ያቅፋል። ዘር ከሱቅ እንዳይገዛ የከለከለውም እሱ ነው፤ «ከየቤቱ አንድ እፍኝ ይምጣ፤ ሁሉም የዘራው ሁሉም የሚበላው ይሁን» አለና አስጨበጨበ። መምህርቷ ስለ ዕፅዋት ስለምታስተምር የሰብሳቢነቱን ሥራ ለእሷ ሰጣት። እሷም በየደጃፉ ዞራ ስለ ዘር አመራረጥ አስረዳች፤ ካፈራው ሁሉ ጠንካራው ይመረጥ፣ የተቦረቦረ ይጣል፣ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ የሰጠመውን ያዙ፣ የተንሳፈፈውን ተዉት። ሰዉ በጥሞና ሰማ። እንዲህ በጥሞና ሲሰማ መጠርጠር ነበረባት።

ቦታው ከቤቶቹ ጀርባ ያለው የቦኖ ውሃ ስፍራ ነው። ድሮ ውሃ በየቤቱ ሳይገባ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ተሸክሞ የሚሰለፍበት። ቦኖውን የምትከፍትና የምትዘጋ፣ ተራ የምታስከብር፣ የተጣላውን የምትገላግል አንዲት ሴት ነበረች፤ እትዬ ቧንቧ። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር እንኳ የጠራበት የለም። ከቧንቧው ጎን፣ ከቲቸር እናት ግድግዳ ጋር የተለጠፈች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ትኖር ነበር። ውሃ በየቤቱ ሲገባ ቧንቧው ተዘጋ፤ እሷ ግን እንደ ቧንቧው አትዘጋ፣ እዚያው ቀረች። ልብስ እያጠበች፣ የሰው ልጅ እየያዘች ስትኖር ኖረች። ከዕለታት አንድ ቀን ኮሚቴው ሰዉን ሰበሰበና፣ ያቺ ክፍል የመሣሪያ ማስቀመጫ ሆና እንደተመዘገበች፣ ፈርሳ ቦታው ለልማት እንደሚውል ተናገረ። ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ይኖራል የሚል ካለ እጁን ያውጣ» አለ።

እጁን ያወጣ አልነበረም፤ ክፍሏም ፈረሰች። ልብ በሉ፣ እትዬ ቧንቧ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻቸው ሰዎች እዚያ ተቀምጠዋል። እሷ ራሷ ግን ስብሰባ መኖሩን የነገራት የለም፤ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር። ለምን አላወጡም? ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ቤት ያላስመዘገበው አንድ ነገር ስላለው ነው። ይሄኛው ያለ ፈቃድ ክፍል ቀጥሏል፤ ያኛው ደባል አስገብቷል፤ የወዲያኛው አጥሩን ሁለት እርምጃ ገፋ አድርጓል። ኮሚቴው ሁሉንም ያውቃል። አይናገርም፤ ሰላምታ ሲሰጥ ብቻ ጣል ያደርጋታል። የቲቸርን እናት መንገድ ላይ ሲያገኛት እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ኩሽናዋ እንዴት ናት? ዝናብ አታስገባም?» ይላታል። ያቺ ኩሽና ያለ ፈቃድ የተቀጠለች ናት። እናትየዋ ለሠራተኞች ምሳ እየቋጠረች የምታድረው፣ ልጇንም ለመምህርነት ያበቃችው በእሷ ነው። ስለዚህ «ደህና ናት፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ቤት ስትደርስ ግን ለረጅም ሰዓት ትቀመጣለች።

ቲቸር ዘምቢሏን አንጠልጥላ ወጣች። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ጋ ገባች። የልብስ ሰፊው ሱቅ በር ብቻ ናት ቢባል ይቀላል፤ መኪናው፣ እሱና የተንጠለጠሉት ሱሪዎች ከሞሉ በኋላ ለደንበኛ የሚቀረው ደፉ ነው። ሰላም አላት፤ ቀና ሳይል ካውያውን አንስቶ ከሥሩ በብጣሽ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ሰጣት።

«የቲማቲም ነው። እንዳልሽው ከደህናው መርጫለሁ።»

ጥቅሏ እጇን ፈጀቻት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይፋጃል።»

«ጨርቁ ተጨማዶብኝ ተኮስኩት።»

«ዘሩ ውስጡ እያለ?»

ልብስ ሰፊው እግሩን መኪናው ላይ አደረገና መስፋት ጀመረ። የሚሰፋው ነገር አልነበረም፤ መርፌው ባዶውን ይወርዳል፣ ባዶውን ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ፣ «ልጄን አዝላልኛለች» አለ። «እናቷ ሆስፒታል በነበረች ጊዜ። ታዲያ እሷ ትተኛበት በነበረው መሬት ላይ የበቀለ ቲማቲም ይብላ? አይበላም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሂጂ አሁን፣ ሰው ይሰማል።»

ባለሱቋ ደግሞ ከሚዛኑ ላይ አንድ እፍኝ ዘግና በፌስታል ቋጠረችላት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ክክ ነው» አለች ቲቸር።

«ታዲያ ክክ ከምን ይመጣል? ከአተር አይደለም?»

«ክክ አይበቅልማ።»

«አንቺ ደግሞ! እግዜር ካለ ምን የማይበቅል አለ?»

ዘይት ሊገዛ የቆመ ሰው ሳቀ። «ዘይትና ጨውም ጣል አርጊበት፤ እዛው ሾርባ ሆኖ ይብቀልላቸው!» አለ። ባለሱቋም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም። ፌስታሉን ስታቀብል የቲቸርን እጅ ያዝ አድርጋ ለቀቀች። ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ እንደሚያደርገው።

እንዲህ እንዲህ እያለች ስትዞር አረፈደች። ዳቦ ጋጋሪው የሰጣት የዱባ ፍሬ ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ከፎቅ ያለችው ነርስ የሰጠቻት የካሮት ዘር ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። አንዱ ሽማግሌ በኩራት ያቀበሏት ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቆስጣ፣ በራሳቸው አነጋገር፣ «የመጀመሪያ ልጄን ስድር የተረፈ» ነው፤ ልጅየው አሁን ጡረታ ሊወጣ ነው። ቲቸር አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ዘምቢሉን ከፈተችና ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አሸተተቻቸው። የተቆላ አለ፤ የተቀቀለ አለ፤ የተተኮሰ አለ፤ የተሰነጠቀ አለ። አንድ እንኳ ነፍስ ያለው ዘር የለም። ሰፈሩ ሁሉ ሳይማከር፣ ሳይጠራራ፣ እያንዳንዱ በገዛ ሙያው ዘሩን ገድሎ ሰጥቷታል።

እና ምን ተሰማት መሰላችሁ? ደስ አላት! ይታያችሁ፣ የተማረች ሴት ናት፣ ደስ አላት። እንባዋ መጣ። ሰዉ አልሞተም ለካ አለች፤ ለካ ሁሉም አንጀቱ ያዝናል። ኮሚቴው ነገ ከነገ ወዲያ ቢጠብቅ፣ ቢያጠጣ፣ ያ መሬት ቅጠል እንደማያወጣለት አሰበችና ብቻዋን ፈገግ አለች። ይህን የመሰለ ዜና ለራሷ ብቻ ልትይዘው አልቻለችም። ዘምቢሏን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረችና እትዬ ቧንቧ ወደተጠጋችበት ወደ እህቷ ልጅ ቤት ሄደች።

የእህቷ ልጅ ቤት ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው። እትዬ ቧንቧ የተሰጣት ኮሪደሩ ነው። ቀን ቀን ፍራሿ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ጥግ ላይ እንደ ሰው ይቆማል፤ አጠገቡ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ፤ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሁሉ በሁለቱ መሃል በጎኑ ነው የሚያልፈው። ሴትዮዋ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። የእህቷ ልጅ ቲቸርን አየችና፣ «ግቢ፣ ግቢ፤ ተቀመጪ፣ እሷ ትነሳልሻለች» አለች። እሷ የተባለችው ተነሳች። ቲቸር አልቀመጥም ብላ ተግደረደረች፤ በመጨረሻ ሁለቱም ቆመው ቀሩና ሣጥኑ መሃላቸው ባዶውን ተቀመጠ። የእህት ልጅ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ክፍት ተወችው። እዚያ ቤት ሰውን ብቻውን መተው አይቻልም፤ ቦታው አይበቃም።

ቲቸር ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት። የእናቷን ባቄላ፣ የልብስ ሰፊውን ካውያ፣ የባለሱቋን ክክ። እትዬ ቧንቧ ቢላዋውን ሳታቆም ሰማች።

«ማን አዘዛቸው?»

«ማንም። ሁሉም በየራሱ ነው።»

«በየቤታቸው?»

«አዎ።»

«በራቸውን ዘግተው?»

ቲቸር ዘምቢሉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ጎሽ!» አለች እትዬ ቧንቧ። «በር ዘግቶ መጀገኑን ያውቁበታል። እሺ፣ ዘሩ ሞተ እንበል። እኔ የት ልደር?»

ይህን ጥያቄ ደግማችሁ አንብቡት። መምህርቷ ከአውቶቡስ ጀምሮ ተሸክማው የመጣችው ደስታ በዚህች ሦስት ቃል ሙሽሽ ብሎ ጠፋ። ምን ልትል ትችላለች? ሰፈሩ የሠራው ሁሉ አንድ ነገር አልለወጠም፤ አንድ ቆርቆሮ መልሶ አላቆመም። ኮሚቴውን እንኳ አይነካው፤ ዘር ባይበቅል ችግኝ ገዝቶ ይተክላል። የተቀቀለው ባቄላ የጠቀመው ለቀቀለው ብቻ ነው፤ ማታ ትራስ ላይ ራሱን አስደግፎ፣ እኔስ አልተባበርኩም ይላል። እፍኝ ባቄላ! ሕሊና እንዲህ ረክሳለች።

«ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ደህና ልጅ አገኘሁ። ‹ግድግዳ የሚጋራሽ አንድ ባለቤት እዚያ ትኖር ነበር ይበልልሽ፣ ምትክ ክፍል ይሰጥሻል› አለኝ። ግን የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። ቦታው ከተተከለና ከተረከቡት በኋላ ጥያቄ የለም።»

«ግድግዳ የሚጋራሽ...»

«እናትሽ ናት። ሌላ ማን አለ? በወዲያ በኩል የነበረው ቧንቧው ነው፤ ቧንቧ መጥቶ አይመሰክርልኝ።»

«ጠይቀሻታል?»

«ጠይቄያታለሁ። አለቀሰች። ‹አይዞሽ እህቴ፣ የኔን ዘር አያገኟትም› አለችኝ።» የተላጠውን ድንች ውሃው ውስጥ ጣለችው። «እኔ የጠየቅኳት አፏን ነው፤ እሷ የሰጠችኝ ባቄላ።»

«ዛሬ ከኔ ጋር ነይ። ራስሽ ቁሚና...»

«ማን ብዬ ልምጣ? አልነበርኩም እኮ።»

ከውስጥ የእህቷ ልጅ፣ «ድንቹ አልደረሰም?» አለች፤ ለማን እንደሆነ ስም አልጠራችም። እትዬ ቧንቧ ድስቱን አንስታ ሄደች። ቲቸር ኮሪደሩ ውስጥ ከቆመው ፍራሽ ጋር ትንሽ ቆመችና ወጣች።

ቤት ስትደርስ እናትየዋ ዘሩን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ቋጥራ፣ የክት ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዘሩ ስለደረቀ መጋረጃው ተመልሶ ተዘግቷል። ልጅቷ ከፊት ለፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ምሳ ዕቃዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል፤ ከኩሽናው የሽንኩርት ሽታ ይመጣል፤ ውጭ ኮሚቴው የተከራየው ድምፅ ማጉያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ» ይላል።

«እትዬ ቧንቧ ጋ ሄጄ ነበር።»

እናትየዋ የጨርቁን ጫፍ አስተካከለች። «ደህና ናት?»

«ኮሪደር ላይ ነው የምትተኛው።»

«እህ።»

ልጅቷ እናቷ ራሷ እንድትጀምር ጠበቀች፤ እናትየዋ ልጇ እንድትተወው ጠበቀች። ሁለቱም ሲሸነፉ እናትየዋ ቀደመች።

«ኩሽናዋን ያፈርሷታል።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። አንቺ የምታውቂው ደመወዝ ነው። ወር ሲሞላ የሚመጣ ነገር። እኔ እዛች ኩሽና ውስጥ ካልቆምኩ ማታ ምን እንደምንበላ ታውቂያለሽ? ደመወዝሽ ለመብራት፣ ለውሃና ለመድኃኒቴ ከሄደ በኋላ የሚተርፈውን ታውቂያለሽ? አንቺን ያስተማረሽ ማነው? ኮሚቴው ነው? እትዬ ቧንቧ ናት?»

«ልጅ ሆኜ ስማር ደብተሬን የምትይዝልኝ እሷ ናት ትይኝ ነበር።»

«እሱማ ይዛለች።» እናትየዋ ቀና አለች። «ምን ላድርግ ታዲያ? የቻልኩትን አድርጌያለሁ። ዘሬን አልሰጠኋቸውም።»

«ማን አወቀልሽ?»

«እግዜር ያውቃል።»

ያውቅ ይሆናል። ማዘጋጃ ቤት ግን የእግዜርን ምስክርነት አይቀበልም፤ ግድግዳ የሚጋራ ባለቤት ነው የጠየቀው። መምህርቷ ይህን አላለችም። እናቷ ተሳስታለች ማለት ቢቻላት ደግ ነበር፤ ግን የኩሽናው ነገር እውነት ነው፣ የመድኃኒቱም ነገር እውነት ነው። ተነስታ የእናቷን ጥቅል ተቀበለችና ከሌሎቹ ጋር ዘምቢሉ ውስጥ ጨመረችው። አብረው ወጡ፤ መንገዱን በሙሉ እናት አንድ እርምጃ ከኋላ ነበረች።

ቦታው ተጠርጎ፣ መደብ መደብ ሆኖ ተቆፍሯል። ክፍሏ የነበረችበት ቦታ ላይ አፈሩ ከሌላው የጠቆረ ነው፤ ያን ያህል ዓመት ፀሐይ አላየም። ሰዉ የክቱን ለብሶ ዙሪያውን ቆሟል፤ ልብስ ሰፊው ከኋላ፣ ባለሱቋ ከመሃል። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰው ወጣት ነው፤ አዲሱ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ኮሚቴው ማይኩን ተቀበለና ቦታው እንዴት የቆሻሻና የአይጥ መናኸሪያ ሆኖ እንደኖረ፣ አሁን ግን ሕይወት ሊዘራበት እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ የተማሩትን በተግባር እናሳይ አለና አንድ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን አስመጥቶ ውሃ ሞላ። ከየጥቅሉ ቆንጥሮ ቆንጥሮ ጨመረ። ሁሉም እያየ ባቄላው ሰጠመ፣ ዱባው ሰጠመ፣ ክኩ እንደ ጠጠር ሰጠመ፤ የሞተ ዘርም ክብደት ካለው ይሰጥማል፤ መምህርቷ ደግሞ የሰጠመውን ነው ደህና ብላ ያስተማረችው። «አያችሁ?» አለ ኮሚቴው፣ ድምፁ በደስታ ተንቀጠቀጠ፤ «አንድም የተንሳፈፈ የለም! ሕዝብ ከልቡ ሲሰጥ እንዲህ ነው!» ሰዉ አጨበጨበ። ከልብስ ሰፊው ጀምሮ ከዳር እስከ ዳር፣ የገደሉትን ዘር ቆመው አጨበጨቡለት። እርስ በርሳቸው አልተያዩም።

ቲቸር አፏን ከፈተች። ይሄ ዘር ሙት ነው ልትል ነበር። ከዚያ ገባት፤ ይህን ብትል እስከ ማታ የሚወራው ስለ ዘር ነው። ማን ቀቀለ፣ ማን ቆላ፣ ማን ሕዝብ አሳሳተ፤ ኮሚቴው ይቆጣል፣ ሰዉ ያፍራል፣ ስለ ክፍሏ የሚያነሳ አይኖርም። ስለ ዘር ማውራት ራሱ መሸሸጊያ ነው። ስለዚህ ዘሩን ተወችው።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ማኅተሙን ከኪሱ አወጣና፣ «ከመረካከባችን በፊት» አለ፣ «በዚህ ቦታ ላይ ይኖር ነበር፣ ይገባኛል የሚል ወይም ስለ ሌላ ሰው የሚመሰክር አለ?» ሲል ጠየቀ። ድምፁ ውስጥ መልስ የሚጠብቅ ነገር ነበር። ሰዉ መሬት መሬቱን አየ።

ቲቸር እጇን አወጣች። «አለ። እትዬ ቧንቧ እዚህ ትኖር ነበር።»

አንድ ሰው ሳለ። ኮሚቴው ማይኩን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «ቲቸር፣ የኔ እህት፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው» አላት። ወጣቱ ግን ከድንጋዩ ወረደ፤ ጫማው ጭቃ ውስጥ ገባ።

«ግድግዳ ትጋሪያታለሽ?»

«እንጋራለን።»

«ቤቱ በስምሽ ነው?»

«በእናቴ ነው።»

«እንግዲያው የሚጠቅመው የእናትሽ ቃል ነው። እዚህ አሉ?»

ሰዉ ለእናትየዋ ገለል አለላት። ገለል ያለው ለክብር ይሁን ከእሷ ለመራቅ አይታወቅም፤ ብቻዋን መሃል ላይ ቀረች። ባዶ እጆቿን የምታደርግበት አጥታ ነጠላዋን ያዘች። ኮሚቴው ፈገግ ብሎ አንድ እርምጃ ቀረባትና፣ «እናቴ፣ ኩሽናዋ እንዴት ናት?» አላት። ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም ገባው። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። እናትየዋ ኮሚቴውን አየች፣ የጠቆረውን አፈር አየች፣ ልጇን አየች፤ ዓይኗ ልጇን ይለምናል፣ ቤት እንነጋገር ይላል፣ ማታ እነግርሻለሁ ይላል።

መምህርቷ ኩሽናዋንም፣ ምሳ ዕቃዎቹንም፣ መድኃኒቱንም አሰበች። ከዚያ ወደ እናቷ ሳትቀርብ፣ ከቆመችበት ሆና ጮክ ብላ ተናገረች።

«እማዬ፣ ክረምት ክረምት ሳል ሲነሳባት ግድግዳውን አንኳኩተሽ ‹ደህና ነሽ ወይ?› ትያት የነበረችው ሴት፣ እዚህ ትኖር ነበር ወይስ አትኖርም? ለኔ በጆሮዬ አትንገሪኝ። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መልሺ!»